ስለ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የማስተባብር መምህር ነኝ፤ ከተማሪ፣ ከወላጅና ከባልደረቦቼ የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጫቸዋለሁ።

ሚኒ ሚዲያ ምንድን ነው?

ተማሪዎች የሚያዘጋጁት የትምህርት ቤቱ ሬዲዮ ነው በሉት። ሞገድ ግን የለውም። ያለው ማይክ፣ አምፕሊፋየርና ግቢው ውስጥ የተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ናቸው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ማስታወቂያ ይነበብበታል። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ዜና፣ ግጥም፣ ጭውውት፣ ጥያቄና መልስ ይቀርብበታል። የወላጆች ቀን ሲደርስም መድረኩን አብዛኛውን ጊዜ የሚመራው እሱ ነው።

በወረቀት ላይ እንደ ቀይ መስቀል፣ እንደ ፀረ ኤድስ ወይም እንደ ሥርዓተ ፆታ ክበብ አንድ ክበብ ነው። ግን ሌሎቹ ክበቦች የሚሉትን ለተማሪው የሚያደርሱት በእሱ በኩል ስለሆነ፣ እሱ ሲደክም ሁሉም ዝም ይላሉ። ለኔ ዋና ሥራው ዜና ነው። ግጥሙም ጭውውቱም ደስ ይላል፣ መቅረትም የለበትም። ነገር ግን ያ ሁሉ ልጅ አንድ ግቢ ውስጥ እየዋለ ከጎኑ ባለው ሕንፃ ምን እንደተደረገ የማያውቅ ከሆነ ሚኒ ሚዲያው አለ ማለት ይከብደኛል።

እንዴት ነው የምገባው? ድምፄ እኮ ጥሩ አይደለም

ትምህርት ተጀምሮ ክበባት ምዝገባ ሲጀምሩ አስተባባሪውን መምህር ጠይቁ። ስለ ድምፅ አታስቡ። ማይክ ላይ የሚቀመጠው ሁለት ሦስት ልጅ ነው። የሚበልጠው ሥራ ከማይኩ ጀርባ ነው፦ ዜና የሚፈልግ፣ የሚጽፍ፣ የሚያርም፣ ገመድ የሚያገናኝ፣ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከይልማና ዴንሳ፣ ከሜጫ ወይም ከሐይቁ ዳር ቀበሌዎች መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች «አነጋገሬ ያስቃል» ብለው ማይክ ይሸሻሉ። እባካችሁ አትሽሹ። እንደናንተ የሚናገር ብዙ ተማሪ ግቢው ውስጥ አለ፣ የራሱን አነጋገር በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ጆሮውን የሚያቆመውም እሱ ነው። የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ ለመምሰል የሚለፋ ልጅ ዜናውን ትቶ ስለ ድምፁ ብቻ ሲጨነቅ ነው የማየው።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

አንድ ደህና ማይክ፣ አምፕሊፋየር፣ ቢያንስ ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ ዲቫይደርና ረጅም ገመድ። ሚክሰር ከተገኘ እሰየው። የተቀዳ ነገር ለማሰማት ፍላሽ ይበቃል። ሞንታርቦ የሚባለውን ትልቅ ድምፅ ማጉያ ለወላጆች ቀን ትከራዩታላችሁ እንጂ ለየቀኑ አያስፈልግም። ገንዘቡ ካነሰ ቅድሚያ ለማይኩ ስጡ፤ ማይኩ ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ቃለ መጠይቅ ለመቅዳት ስልክ ያስፈልጋል፣ ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ በተከለከለበት ትምህርት ቤት ደግሞ የአስተባባሪው ስልክ ይሠራል። ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ውጪ የተሰቀለውን ሁሉ አውርዳችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። የባሕር ዳር ዝናብ ምሕረት የለውም።

መብራት ሲጠፋስ?

ዜናው ቀድሞ ተጽፎ ካለቀ መብራት መጥፋቱ ብዙም አይጎዳም። በሦስት በአራት ቅጂ ገልብጡትና ልጆች በየክፍሉ ገብተው ያንብቡት፤ ክፍለ ጊዜው ላይ ያለውን መምህር አስፈቅዳችሁ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አንዱን ቅጂ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። ችግር ውስጥ የሚገባው ምንም ሳይጽፍ ማይክ ላይ ወጥቶ በቃሉ የሚናገር ክበብ ነው።

ዜና ከየት ነው የምናገኘው? እኛ ትምህርት ቤት ምንም የሚፈጠር ነገር የለም

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከበሩ ጀምሩ። በር ላይ ያለውን ጥበቃ ጠይቁ፤ ማን አርፍዶ መጣ፣ ለምን አረፈደ፣ የባጃጅ ታሪፍ ጨምሮ ነው ወይስ መንገድ ተዘግቶ? ቤተ መጻሕፍት ሂዱና መጽሐፍ ስንት ለስንት እንደሚዳረስ ጠይቁ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የታተመ መጽሐፍ ለሁሉም ስላልተዳረሰ ስንቱ ልጅ ነው ስልክ ላይ ፒዲኤፍ እያሳነሰ እያሰፋ የሚያነበው? ስልክ የሌለውስ ከማን ጋር ነው የሚያነበው? ይህ ዜና ነው፤ ያውም ትልቅ ዜና።

ወቅቱንም አስቡት። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ወባ ይበረታል፣ ክፍል ውስጥ ባዶ ወንበር ይበዛል። ከሆምሩም (የክፍል ኃላፊ) መምህራን የቀሪ ቁጥር ሰብስቡ፣ ቅርባችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ምን እንደሚመክር ጠይቁ፣ አጎበር የሌላቸው ተከራይ ልጆች ምን እንደሚያደርጉ አነጋግሩ። ጣናም እዚሁ አጠገባችሁ ነው። እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁ ላይ ከታየበት ከ2004 ወዲህ ስንት ጊዜ ተማሪና ነዋሪ ወጥቶ በእጁ አርሟል። የእናንተ ትምህርት ቤት ከወጣ ማን ወጣ፣ ምን ያህል ቦታ ጸዳ፣ የታረመው አረም የት ተጣለ፣ ከወር በኋላ ቦታው ምን መሰለ? ያቺ «ከወር በኋላ» የምትለዋን ጥያቄ አትርሷት። ዘመቻ የወጣ ዕለት ሁሉም ያወራል፣ ተመልሶ ሄዶ የሚያይ ግን እምብዛም የለም።

ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች ደግሞ ለብቻ አንሷቸው። ስንቅ ከቤት በሰዓቱ ሳይመጣ ሲቀር ምን ይበላሉ? አከራይ በዓመቱ መሀል ኪራይ ሲጨምር ለማን ይነግራሉ? ልጆቹ በተደጋጋሚ ከሚቀሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፣ ክፍል ውስጥ ግን ሲነሳ አትሰሙም።

የማንቸስተር ዩናይትድን ውጤት ልጁ ከእናንተ በፊት ሰምቶታል። ኳስ ከተፈለገ የ9ኛና የ11ኛ ክፍልን ግጥሚያ ዘግቡ።

ዜናውን ስንጽፍ ምን እናድርግ?

ለጆሮ ጻፉ። ልጁ ሳምቡሳ እየበላ፣ ከጓደኛው ጋር እያወራ ነው የሚሰማችሁ። አረፍተ ነገሩ ከረዘመ ጥሎት ይሄዳል። ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ አስቀምጡት፦ «ከነገ ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት እስከ 12 ሰዓት ክፍት ነው» በሉ እንጂ፣ «የትምህርት ቤታችን አስተዳደር የተማሪዎችን የንባብ ባህል ለማሳደግ በያዘው ዕቅድ መሠረት» ብላችሁ አትጀምሩ። ስምና ቁጥር ሁለት ጊዜ ይነበብ። ከመነበቡ በፊት ደግሞ ያልጻፈው ልጅ ጮክ ብሎ ያንብበውና ምላሱ የተያዘበት ቦታ ይታረም።

ከተማችን ለዚህ ጥሩ ናት። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚህ ነው፣ ዩኒቨርሲቲውም ጋዜጠኝነት ያስተምራል። ደብዳቤ ጽፋችሁ ለጉብኝት ወይም ለአንድ ቀን ሥልጠና ጠይቁ። የኤፍኤም ባሕር ዳርን ዜና ቅዱና አረፍተ ነገሮቹን ቁጠሯቸው፤ በኩር ጋዜጣ ላይ የወጣውን አንድ ዜና ወስዳችሁ ለድምፅ ማጉያ እንዲሆን አሳጥራችሁ ጻፉት። ይህ ልምምድ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ያስተምራል።

በእረፍት ሰዓት ማንም አይሰማንም፤ ምን ይሻላል?

አሳጥሩት። ከእረፍቱ ግማሹን ለልጁ ተዉለት፣ እሱም ማረፍ አለበት። በዚያ ላይ የሰው ስም ይኑርበት። የተማሪ ድምፅ ያለበት ዜና ይሰማል፤ የቢሮ ደብዳቤ አይሰማም። ድምፁን መጨመር ግን መፍትሔ አይደለም፣ በፈረቃ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ደግሞ ክፍል ውስጥ ያለውን ልጅ ይረብሻል።

ዘፈን መክፈት ይቻላል? የዘፈን ግብዣስ?

ዘፈን ይከፈት፣ ግቢው ሞቅ ይበል። ግጥሙን ግን አስቀድማችሁ እስከ መጨረሻው ስሙት። «ከእገሌ ለእገሊት» የሚባለውን ግብዣ በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ስሟ የሚጠራው ልጅ ራሷ ካልፈቀደች አይነበብም። ለላኪው ጨዋታ ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ያን ሳምንት ሙሉ ኮሪደር ላይ እየተሳቀባት ትሄዳለች፣ አንዳንዷም ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ለመምህር፣ ለጓደኛ ቡድን፣ ለክፍል የሚላክ ግብዣ ችግር የለውም።

ቴሌግራም እያለ ሚኒ ሚዲያ ምን ያደርጋል?

ቴሌግራም ስልክ ላለው፣ ዳታ ለሞላ ነው። ድምፅ ማጉያው ሁሉም ጋ እኩል ይደርሳል። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም፤ ያን ጊዜ የምዝገባ ቀን፣ የፈተና ቀን፣ ሁሉም ነገር ወደ ሰሌዳና ወደ ሰው አፍ ነው የተመለሰው። ስለዚህ ቻናል ክፈቱ፣ ጥሩ ነው፣ ሰሌዳውን ግን አትንቀሉት።

ፎቶ ሲለጠፍ ጥንቃቄ ይኑር። የወላጆች ቀን ላይ መድረክ ላይ የወጣ ልጅ ፎቶና ሲያለቅስ የተነሳ ልጅ ፎቶ አንድ አይደሉም። የማርክ ዝርዝር ከነስሙ፣ የተማሪ ስልክ ቁጥር፣ የቅጣት ደብዳቤ ቻናል ላይ ፈጽሞ አይወጣም። አንዴ ከወጣ ብታጠፉትም የሆነ ሰው ስልክ ላይ ይቀራል።

ወላጅ ነኝ፤ ልጄ ሚኒ ሚዲያ ገብታለች፣ ከትምህርቷ አያዘናጋትም?

የርስዎ ስጋት ትክክል ነው፤ ክበቡ በሥርዓት ካልተመራ ሊያዘናጋት ይችላል። አስተባባሪውን መጥተው ያነጋግሩ። ልጅዎ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትገባ፣ ከክፍል ሰዓት የሚወሰድ ነገር መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ። ከክፍል የሚወሰድ ጊዜ ካለ ይቃወሙ፣ መብትዎ ነው። ወደ ፈተና ሰሞንም ሥራው ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ልጆች መተላለፍ አለበት፣ 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ማይክ ላይ መዋል የለበትም።

የሚገኘውን ጥቅም ደግሞ እኔ በዓይኔ አየዋለሁ። ሰው ፊት መቆም የሚፈሩ ልጆች እዚያ ውስጥ ይለወጣሉ። ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ፍሬ ነገሩን ማውጣት ይማራሉ፣ ይህ ለየትኛውም የትምህርት ዓይነት ያግዛቸዋል። በተለይ ሴት ልጆች ጥያቄ መጠየቅ ሲለምዱ ክፍል ውስጥም እጃቸውን ማውጣት ይጀምራሉ።

የሃይማኖት በዓል መልእክት ማስተላለፍ ይፈቀዳል?

የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ለሁሉም እኩል ይሁን። ለጥምቀት ካላችሁ ለመውሊድም በሉ። የትምህርት ቀን ለውጥ ካለም ለሁሉም በዓል ተናገሩ። ከዚያ አልፎ ስብከት ማሰማት፣ የአንዱን መዝሙር ወይም መንዙማ መክፈት አይገባም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ አመለካከት ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል፤ ድምፅ ማጉያው ደግሞ የትምህርት ቤቱ ነው። ክፍል ውስጥ ያለ ማንኛውም ልጅ ሲሰማው «ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ እንዳያዝን ማሰብ ነው።

ለታመመ ተማሪ በሚኒ ሚዲያ ገንዘብ ማሰባሰብ እንችላለን?

ትችላላችሁ፣ ደግሞም ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን በቅደም ተከተል። መጀመሪያ ልጁና ቤተሰቡ ይጠየቁ፤ ስሙ እንዲጠራ የማይፈልግ አለ። የበሽታውን ዓይነት አትናገሩ፣ «ሕክምና ላይ ያለ ጓደኛችን» ይበቃል። ከዚያ አስተዳደሩና የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ህብረቱ ያውቁት። ገንዘቡን ሚኒ ሚዲያ አይሰብስብ፤ በየክፍሉ ሆምሩም መምህሩ ስም እየጻፈ ይሰብስብና በደረሰኝ ገቢ ይሁን።

ሲያልቅ ስንት እንደተሰበሰበና ለማን እንደተሰጠ በዚያው ማይክ ይነገር። ይህ ከቀረ የሚቀጥለው ልጅ ሲታመም ማንም ኪሱ ውስጥ እጁን አይከትም። መስጠት ያልቻለ ልጅ ደግሞ እንዳያፍር የክፍሎችን መዋጮ እያወዳደራችሁ አታንብቡ።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ስም ማንበብ አለብን?

ያለፉትን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ አዎ። ያላለፉትን በጭራሽ። «ከዚህ ክፍል ማንም አላለፈም» የምትል አረፍተ ነገር ራሷ ስም እንደመጥራት ናት።

ነገሩን በልኩ እንየው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ የ2014 ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። አብዛኛው ልጅ ባላለፈበት አገር ዜናው ያለፉት ጥቂቶች ብቻ ሊሆኑ አይችሉም። ግቢያችን ውስጥ ያለው የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ሬሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) የሚገባው ማን ነው፣ በግል ድጋሚ ለመፈተን የት ይመዘገባል፣ ቴክኒክና ሙያ ምን ምን ያስተምራል፣ ያለፈችው ልጅ ቀኗን እንዴት ነበር የምትከፋፍለው? እነዚህን ሥሩ። ያላለፈ ልጅም ፈቅዶ ከመጣ አነጋግሩት፤ ምን እንደከበደው ከሱ በተሻለ የሚናገር የለም።

ተማሪ ወይም መምህር ሲያርፍ በማይክ መናገር ይቻላል?

እዚህ ላይ ቆም በሉ። መርዶ በድምፅ ማጉያ አይነገርም። የሟች እህት ወይም የአክስት ልጅ 10ኛ ክፍል ተቀምጣ ልትሆን ትችላለች፤ ቤተሰቧም ገና አልነገራትም ይሆናል። በእኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ ዘመድና ሽማግሌ ባለበት፣ ሰው ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው፣ ለዚህም ምክንያት አለው።

ስለዚህ ቤተሰብ ማወቁና ግቢው ውስጥ ያሉ ዘመዶች በክብር ወደ ቤት መሄዳቸው በርዕሰ መምህሩ ሳይረጋገጥ አንዲት ቃል አትውጣ፣ ቴሌግራም ላይም ቢሆን። በዚያ ቀን ዘፈን አትክፈቱ፣ ዝም በሉ፤ ከተማሪው ብዙው ከዝምታው ይረዳል። በኋላ ላይ የቀብሩንና የለቅሶውን ቦታ፣ ማን ከየትኛው ክፍል እንደሚሄድ፣ ስንት ሰዓት ከበር እንደሚነሱ ተናገሩ። የአሟሟቱን ምክንያት አታንሱ። በተለይ ልጁ ራሱን አጥፍቶ ከሆነ እንዴት እንዳደረገው አንድም ቃል አይነገር፤ ይልቅ የተከፋ ልጅ ወደ ማን መሄድ እንደሚችል የመምህሩን ስምና ቢሮውን ተናገሩ።

ትምህርት ቤቱን መተቸት እንችላለን? ለምሳሌ ሽንት ቤቱ ውሃ ከሌለው

ትችላላችሁ። ሐሳብን የመግለጽ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 አለ፣ ተማሪ ስለሆናችሁም አይቀርም። አሠራሩ ግን ወሳኝ ነው። ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ፦ ስንት ክፍል ሽንት ቤት አለ፣ ስንቱ ይሠራል፣ ውሃው ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋው? ሴት ተማሪዎችን ሴት ልጅ ታነጋግር፤ በወር አበባ ጊዜ ውሃ ስለሌለ ከትምህርት የሚቀሩ ካሉ ዋናው ዜና እሱ ነው። ከዚያ የሚመለከተውን ኃላፊ ጠይቁ፣ መልስ ለመስጠት ጊዜ ስጡት፣ መልሱን ከዜናው ጋር አብራችሁ አንብቡ። ስድብ አይግባበት። «እገሌ ሰነፍ ነው» ከማለት «ውሃ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል» ማለት የበለጠ ክብደት አለው።

«አይነበብም» ቢባላችሁስ? ምክንያቱን በትሕትና ጠይቁ። ስህተት ካለ አርሙ። ምክንያቱ «የትምህርት ቤቱ ስም ይጠፋል» ብቻ ከሆነ ጉዳዩን ለተማሪዎች መማክርትና ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ህብረቱ አቅርቡት፤ ወላጆች እዚያ የተቀመጡት ለዚሁ ነው። እኔ ዜናን አስተባባሪው መምህር ቀድሞ ማንበቡን እደግፋለሁ፣ ልጆቹን ከጣጣ ይጠብቃል። እያንዳንዷ መስመር ቢሮ ገብታ ማኅተም እስኪመታላት የምትጠብቅበት አሠራር ግን ክበቡን ይገድለዋል፤ ልጆቹ በሁለት ወር ውስጥ ይበተናሉ።

ወሬ ሲናፈስ ወይም ከተማው ውስጥ ችግር ሲኖር ምን እናንብብ?

የምታውቁትን ብቻ። «እስካሁን አልተረጋገጠም» ብሎ ወሬ ማንበብ ወሬውን ማራባት ነው፤ ሰሚው የሚይዘው ወሬውን ነው እንጂ ማስጠንቀቂያውን አይደለም። የፈተና ወሬ ከባድ የሆነው በምክንያት ነው። ግንቦት 2008 ላይ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ስለተሰጠ፣ ከዚያ ወዲህ «ፈተና ወጣ» የሚል ሁሉ አማኝ ያገኛል። ስለ ፈተና ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ወይም ከትምህርት ቢሮው ካልመጣ አታንብቡ። በብሔር ወይም በሃይማኖት ጥላቻ የሚያነሳሳ ነገር ከመጣ ደግሞ ጨዋታ አይደለም፤ ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወንጀል ነው ይለዋል።

ተኩስ ተሰምቶ ልጆች ሲሯሯጡ ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ መተንተን የሚኒ ሚዲያ ሥራ አይደለም። በዚያ ሰዓት ተማሪው የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ክፍል ውስጥ እንቆይ ወይስ እንውጣ፣ በየትኛው በር፣ ቤታቸው ሩቅ የሆኑት ከማን ጋር ይሄዳሉ፣ ነገ ትምህርት አለ ወይ። ማይኩን ለርዕሰ መምህሯ ወይም ለምክትሏ ስጡ፣ ድምፃቸውን ልጆቹ ያውቁታል፣ ይረጋጋሉ። እናንተ አጠገቧ ሆናችሁ የተናገረችውን ጻፉ፣ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፣ ከሰዓት ፈረቃ ያለው ልጅ በር ላይ ሲደርስ እንዲያነበው አንድ ቅጂ ለጥበቃው ስጡት።